ቀዩ ቀለም የዘለለው መስመር

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ሥዕሉን ተሳልመው ቀና ሲሉ ከንፈራቸው ቀልቶ ነበር።

ዕለቱ ኅዳር ጽዮን ነው። ከዲማ ትንሽ እልፍ ብላ ባለችው በአምባ ጽዮን ማርያም ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ተሰልፏል። በተአምረ ማርያሙ መጀመሪያ ገጽ ላይ ያለችው የእመቤታችን ሥዕል በዓመት አንድ ቀን ብቻ ትገለጣለች። ያገሩ ሰው እሷን ለመሳለም ከሩቅ ይመጣል። የደብሩ ገበዝ ቄስ የኋላሸት መጽሐፉን ደረታቸው ላይ ደግፈው፣ በጠበል በራሰ እጃቸው ገጹን ይዘው ቆመዋል።

"ደም!" ብላ ጮኸች ከኋላ የቆመች ሴት። "እመቤቴ ደም አለቀሰች!"

እልልታው ቀለጠ። ሰው በያለበት ተንበረከከ። ቄስ የኋላሸት እጃቸውን ቢያዩ እሱም ቀልቷል። እንባቸው መጣ።

ያልተንበረከኩት መሪጌታ አምደሚካኤል ብቻ ነበሩ። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ እሳቸው ናቸው። ያገሩ ቄስና ዲያቆን አብዛኛው የሳቸው ተማሪ ስለነበር ሁሉም "የኔታ" ይላቸዋል። ወደ መጽሐፉ ቀረቡና የገጹን ጠርዝ በጣታቸው አሹት።

"ዝም በሉ" አሉ።

እልልታው አልቆመም።

"ዝም በሉ እላለሁ! ይህ ብራና አይደለም። ወረቀት ነው።"

* * *

ኢንስፔክተር እስከዳር በማግስቱ ከደብረ ማርቆስ መጣች። ዕቃ ቤቱን አየች። መዝጊያው አልተሰበረም። ቁልፉ አልተነካም። መጽሐፉን ገለጠች። የጥንቱ ገጽ በስለት ተቆርጦ ወጥቷል፤ በቦታው ወፍራም ወረቀት ተለጥፏል። ጠርዙ ያረጀ እንዲመስል ሻይ ተቀብቷል።

ወረቀቱን ወደ ብርሃን አወጣችው። ውሃ ያልነካው የካባው ቀይ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነጭ መስመሮች አሉ። ሁለቱ ተጠጋግተው ይሄዳሉ፣ አንዱ ራቅ ይላል። ከዚያ እንደገና ሁለት፣ እንደገና አንድ። ሰማያዊውና ቢጫው ላይ የለም። ቀዩ ላይ ብቻ ነው።

ይህን ታውቀዋለች። የጣቢያቸው ፕሪንተርም ቀለም የሚተፋበት ቀዳዳ ሲደፈን እንዲህ እየዘለለ ያትማል።

መሪጌታን ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"የኔታ፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ስንት ነው?"

"አንድ።"

"የት ነው የሚቀመጠው?"

"አንገቴ ላይ።"

"ሲተኙስ?"

"ስተኛም።"

"ከአንገትዎ አውልቀው ለሰው ሰጥተው ያውቃሉ?"

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

"አላውቅም" አሉ።

"ከበዓሉ በፊት ከዚህ ወጥተው ነበር?"

"ማርቆስ ወርጄ ነበር። የዓይኔን ሞራ ሊገፉልኝ። ከልጄ ከያለምወርቅ ቤት ሰነበትሁ።"

"ያን ጊዜስ ቁልፉ?"

"አልሁሽ እኮ፣ የኔ ልጅ።"

"እንግዲያው ከእርስዎ በቀር ማን ሊሆን ይችላል?"

"እኔም የምጠይቀው እሱን ነው።"

እስከዳር ቄስ የኋላሸትንም ጠየቀች። ከውጭ የመጣ ሰው ወደ ግቢው ገብቶ እንደሆነ፣ ነጋዴ፣ ቱሪስት፣ ፎቶ አንሺ እንደሆነ።

"ማንም እንግዳ አልገባም" አሉ ቄሱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ስለ የኔታ እንዲህ ይባላል ብዬ በሕልሜም አላስብ። ግን ቁልፉ አንድ ነው" አሉ።

መሪጌታን ፖሊሶች ሲወስዷቸው ትናንት እልል ያለው ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ ነበር። ማንም ጉልበታቸውን አልሳመም፤ ማንም እግዜር ያውጣዎ አላለም። አንዲት አሮጊት መሬት ላይ ምራቃቸውን ተፉ። ወለተ ሰንበት ነበሩ።

* * *

ያለምወርቅ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ቤቷ ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ፎቶ ታትማለች። የሠርግ፣ የልደት፣ የሙታን ማስታወሻ። ባሏ ጌቱ ሠርግ ለሠርግ እየዞረ ያነሳል፤ እሷ ታስተካክላለች፣ ታትማለች። ደንበኞቿ ሰፈርተኛውና ያካባቢው ነጋዴ ናቸው።

እስከዳር ስትገባ ያለምወርቅ ዓይኗ አብጦ ነበር። ጌቱ ወንበር አቀረበ።

"አባቷ ናቸው ብላችሁ እኛን መፈተሻችሁ ትክክል ነው" አለ። "ፈትሹ። እኛም ይፈተሽልን ነው የምንለው።"

ቀይ የበዛበት ፎቶ እንዲታተም ተደረገ። ወረቀቱ እየተንሸራተተ ወጣ። እስከዳር በአጉሊ መነጽር ከላይ እስከ ታች አየችው። አንድም መስመር የለበትም። ቀዩ እንደ በርበሬ ሙሉ ነው።

"እንደሚያዩት ማሽናችን ጤነኛ ነው" አለ ጌቱ።

ያለምወርቅ ስለ ማሽኑ አልሰማችም። "ይበላል?" አለች። "ጣቢያ ውስጥ ይበላል? ብርድ አይችልም እኮ አባቴ።"

"ምግብ እየተመለሰ ነው" አለች እስከዳር። "አልበላም ብለዋል።"

* * *

አምባ ጽዮን ያለው ሰው ግን የራሱን ፍርድ ሰጥቶ ነበር። የኔታ ሰርቀው ከሆነ የሚገዛቸው ያስፈልጋል፣ የሚያትምላቸውም ያስፈልጋል። ማርቆስ ውስጥ ቀለምና የፎቶ ወረቀት የሚሸጥ ማን ነው? ሱሩር። ወሬው ከገጠር ከተማ ደረሰ። አንድ ማለዳ የሱሩር ሱቅ መስታወት በድንጋይ ተሰብሮ ተገኘ።

እስከዳር ስትመጣ ሱሩር ስባሪውን እየጠረጉ ነበር። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከአባታቸው ጀምሮ በዚያው ሱቅ የኖሩ ሰው ናቸው።

"የመጣሽው ሙስሊም ስለሆንሁ ነው ወይስ ቀለም ስለምሸጥ?"

"ቀለም ስለሚሸጡ።"

"እሱስ ደግ።" መጥረጊያውን አስቀመጡ። "ጠይቂ።"

"ይህ ወረቀት ከእርስዎ ሱቅ ነው የተገዛው?"

ዳሰሱት። "የኔ ነው። ግን ከዚህ ከተማ ውስጥ ከኔ ያልገዛ የለም። ጣቢያችሁም ከኔ ነው የሚገዛው።"

የሱቁን ፕሪንተር አስከፍታ አሳተመች። እሱም ይዘልላል፤ የሚዘልለው ግን ጥቁሩ ነው። ቀዩ ደህና ነው። እስከዳር ወረቀቱን አጠፈችው። በዚህ ከተማ ያሉ ፕሪንተሮችን ሁሉ አንድ በአንድ ፈትሻ ጨርሳለች። ከወረቀቱ ጋር የሚገጥም አልተገኘም።

"ጥቁሩ ከራረመ" አሉ ሱሩር እንደማፈር ብለው። "ፌስታል አልብሰን ስናስቀምጠው ይደርቃል። ላጥበው እያልሁ ነው።"

"ይታጠባል እንዴ?"

"ታዲያስ! ሰው ሁሉ ቤቱ ነው የሚያጥበው። ለብ ያለ የባትሪ ውሃ ነው። አሲዱን አይደለም፣ ንጹሑን ውሃ። ሶፍት አጥፈሽ፣ አርሰሽ ቀለም ከሚተፋው ራሱ ሥር ታስገቢያለሽ፣ ራሱን አምጥተሽ ታስተኚበታለሽ። የደረቀው እየፈታ ይጠጣለታል። እምቢ ካለ በመርፌና በቀጭን ጎማ ከላይ ቀስ አድርገሽ መግፋት ነው። በኃይል ከገፋሽ ይበጠሳል።"

"ከዚያ በኋላስ?"

"እንደ አዲስ ያትማል።"

እስከዳር ቀና አለች።

"እና ዛሬ ደህና የሚያትም ማሽን፣ የዛሬ ወር ይዘልል እንደነበር ማን ያውቃል?"

ሱሩር ትከሻቸውን ነቀነቁ። "ያጠበው ሰው።"

* * *

ያለምወርቅን ብቻዋን አገኘቻት። ጌቱ ደምበጫ ሠርግ ሊያነሳ ሄዷል። ያለምወርቅ ለአባቷ ምሳ ቋጥራ ልትወጣ ነበር።

"አንድ ጥያቄ ብቻ" አለች እስከዳር። "ማሽንሽን አጥበሽው ታውቂያለሽ?"

"አጥበዋለሁ እንጂ። ራሴ ነኝ የማጥበው።"

"መቼ ነው መጨረሻ ያጠብሽው?"

"በቅርቡ ነው። አባቴ ዓይኑን ታክሞ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ። ቀዩ ተደፍኖ ነበር። እንዲያውም አስቸግሮኝ፣ ሶፍቱን እየቀያየርሁ ሁለት ቀን..."

ቆመች።

"ቀዩ?" አለች እስከዳር።

ያለምወርቅ የፕሪንተሩን ጠረጴዛ ታያለች። መርፌው እዚያው ጽዋ ውስጥ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ያለው ጎማ አሁንም ሮዝ ነው።

"ማን ነው እጠቢ ያለሽ?"

"ጌቱ። ደንበኛ ይሸሸናል አለኝ።" ድምጿ ወረደ። "ይኸው ከክረምት ጀምሮ እየዘለለ ነው፣ ግድ ሰጥቶት አያውቅም ነበር። ያን ሰሞን ግን ዛሬ ካልታጠበ ብሎ አጠገቤ ቆመ። ውሃውን ራሱ አሞቀልኝ። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ለሥራዬ አሰበልኝ ብዬ።"

እስከዳር ጠበቀች። በዚህ ጊዜ የሚናገር ሰው ቢቸኮልበት ይዘጋል።

"አባትሽ ቁልፉ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም ብለዋል።"

"እንዲህ አለ?"

"እንዲህ ነው ያሉት።"

ያለምወርቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ምሳውን ጭኗ ላይ አደረገች።

"ሐኪሙ ብረት አይደረግም አለው። እኔ ነኝ ከአንገቱ ያወለቅሁት። በእጄ ሰጠኝ፣ አደራ የማርያም ነው አለኝ። እኔ ደግሞ አጠገቡ ስለማድር፣ እጥለዋለሁ ብዬ ለጌቱ ሰጠሁት።" ለቅሶዋ አሁን መጣ። "አባቴ እኔን ነው የደበቀው። ሌባዋ ልጄ ናት ብሎ ነው ምግብ እምቢ ያለው።"

"ይህን ለመመስከር አትገደጂም" አለች እስከዳር። "ባልሽ ነው። የታጠበ ማሽን ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። ያንቺ ቃል ብቻ ነው ያለኝ።"

ያለምወርቅ የምሳውን ቋጠሮ ፈትታ መልሳ አሰረችው። ውጭ ባጃጅ አለፈ። ጎረቤት ሰው ይጣራል።

ዝም ብትል ባሏ ማታ ይመጣል። እራት ይበላሉ። አባቷ ሽማግሌ ነው፤ ብርዱ ብዙ አያቆየውም።

"የሱሩር ልጅ ፈውዚያ" አለች በመጨረሻ። "ከክረምቱ በኋላ ነው ያገባችው። የሠርግ ፎቶዋን እኔ ነኝ ያተምሁት፣ ማሽኑ ሳይታጠብ። ቀይ ሻሽ አድርጋለች። መስመር አለበት ብዬ ላድስላት ብል፣ አባቷ ግድ የለም አሉ። ሳሎናቸው ተሰቅሏል።"

* * *

ፎቶው ከግድግዳው ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተጋደመ። እስከዳር ከጎኑ የአምባ ጽዮኑን ወረቀት ዘረጋች። የሙሽራዋ ቀይ ሻሽ ላይ ሁለት መስመር ተጠጋግቶ፣ አንዱ ራቅ ብሎ። እንደገና ሁለት፣ እንደገና አንድ። በማስመሪያ ለካቻቸው። አንድ ናቸው።

ሱሩር በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብለው አዩ። የልጃቸውን ፎቶ ለፖሊስ ሲሰጡ በፎጣ ጠቀለሉት።

ቄስ የኋላሸት ደግሞ ዳግመኛ ተጠየቁ። የኔታ ማርቆስ ሳሉ ወደ ግቢው የገባ አለ?

"እንግዳ አልገባም አልሁ እኮ።"

"እንግዳ ያልሆነስ?"

"እሱማ ጌቱ መጥቷል። የኔታ ዳዊታቸውን አምጣልኝ ብለውኝ ነው ብሎ። ማግስቱን ደግሞ ልብሳቸውን ሊወስድ።" ቄሱ ፊታቸው ተለወጠ። "ልጃቸው ነው ብዬ... የልጅ ባል እንግዳ ይባላል እንዴ?"

አንዱን ቀን ለመቁረጥ፣ ማግስቱን የታተመውን ለመለጠፍ እንደመጣ እስከዳር ገባት። ጌቱን ከደምበጫ ሲመለስ መናኸሪያ ላይ ያዙት። አልሮጠም። የካሜራውን ቦርሳ ቀስ ብሎ አስቀመጠና እጁን ዘረጋ።

ብራናው የተገኘው ቤቱ ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የራሱና የያለምወርቅ የሠርግ ፎቶ ጀርባ፣ በካርቶንና በፎቶው መሃል ተቀምጦ ነበር። ያለምወርቅ ያንን ፎቶ በየጊዜው አቧራውን ስትጠርገው ኖራለች።

* * *

"ለማን ልትሸጠው ነበር?" አለች እስከዳር።

"ለማንም።"

"አትቀልድ።"

"ልሸጠው ብፈልግ እስካሁን ግድግዳዬ ላይ ይቆያል?"

"ታዲያ ለምን ሰረቅኸው?"

ጌቱ ጠረጴዛውን እያየ፣ "ሌባ እንዲባሉ" አለ።

እስከዳር ብዕሯን አስቀመጠች።

"መርጡለ ማርያም ነው የተወለድሁት። አባቴ ሲሞት እናቴ ቄስ ይሁንልኝ ብላ ለየኔታ ሰጠችኝ። የክርስትና ስሜ ኃይለ ጊዮርጊስ ነው፣ በሱ ነበር የምጠራው። ደበሎ ለብሼ፣ ለምኜ እየበላሁ ዳዊት ደገምሁ። አንድ ቀን የብር ጸናጽል ጠፋ። ዕቃ ቤቱን የጠረግሁት እኔ ነበርሁ። የኔታ አልጠየቁኝም። ግንድ ላይ አሳሰሩኝ። ተማሪው ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ 'ሌባ' እያለ እንዲገርፈኝ አዘዙ። ከዚያ አባረሩኝ።"

"ወደ እናትህ አልተመለስህም?"

"ወሬው ቀድሞኝ ደረሰ። እናቴ በሩን ከፈተችልኝ። ግን ቅርጫቱን፣ ማሰሮውን፣ ያላትን ሁሉ እኔ ስገባ መቁጠር ጀመረች። አልቻልሁም፤ ወጣሁ። ደምበጫ ገበያ ጆንያ እየተሸከምሁ አደግሁ። እሷም ሞተች። ሌባ ወልጄ እያለች ነው የሞተች።"

"ጸናጽሉስ?"

"ከሣጥን ጀርባ ወድቆ ተገኘ። የተማሪ ጓደኛዬ ነው የነገረኝ። ጠበቅሁ። ይልኩብኛል፣ ይፈልጉኛል፣ ቢያንስ ለናቴ ይነግሯታል ብዬ ጠበቅሁ።"

"ያለምወርቅን ያገባሃት ለዚህ ነው?"

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

"አይደለም። የማን ልጅ እንደሆነች ያወቅሁት ሽማግሌ ይዤ ቤታቸው ስገባ ነው። እሳቸው አላወቁኝም። 'የማን ዘር ነህ?' አሉኝ። ነገርኋቸው። የእናቴን ስም ጠራሁ። 'ደግ፣ ደግ' ብለው መረቁኝ።" ሊስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን አልወጣም። "ያን ቀን ቢያውቁኝ ኖሮ ምንም አላደርግም ነበር።"

* * *

መሪጌታ ከጣቢያ ሲወጡ ቄስ የኋላሸት ከጥቂት ምእመናን ጋር ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ቁልፉን በነጭ ጨርቅ ይዘው መጥተዋል። ይቅርታ ጠየቁ። ወለተ ሰንበት እግራቸው ላይ ወደቁ።

መሪጌታ ሴትዮዋን አነሱና ቁልፉን ሳይነኩ ወደ እስከዳር ዞሩ።

"ምን ብሎ ነው ያደረገው?"

እስከዳር ነገረቻቸው። ሰው ሁሉ እየሰማ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ ልትነግራቸው ፈልጋ፣ እሳቸው "ጮክ በይ፣ ይስሙ" አሏት። ጨርሳ እስክትነግራቸው አላቋረጧትም።

"ጸናጽሉን አስታውሳለሁ" አሉ። "ከሣጥኑ ኋላ ነበር። ልጁን አስፈልጌ ላስመጣ ብዬ ነበር። ወንዙ ሞላ፣ ክረምቱ ገባ። ሲወጣ ደግሞ በዓል ሆነ።" አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። "ከዚያ ረሳሁት። ፊቱንም ረሳሁት። ማዕዴ ላይ ተቀምጦ ስንት ጊዜ ቆርሼ አጉርሸዋለሁ፤ አላወቅሁትም።"

ቄስ የኋላሸት ቁልፉን ወደሳቸው ዘረጉ።

"ለሌላ ሰው ስጡት" አሉ መሪጌታ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር ማርቆስ ነው። ጌቱ ተፈረደበት። ፍርድ ቤት መሪጌታ ቆመው ምሕረት ለመኑለት፤ ዳኛው አዳመጧቸው፤ ቅጣቱ ቀለለ እንጂ አልቀረም። እሳቸው ሲለምኑለት ጌቱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር።

ያለምወርቅ ማረሚያ ቤት የሄደችው ዘግይታ ነው። አባቷ ካልሄድሽ ብለው ወተወቷት። አብረዋት መጡ፣ ግን ከባጃጁ አልወረዱም።

ጌቱ ከአጥሩ ማዶ ቆመ። ከስቷል። ምግቡን በዘበኛው በኩል ተቀበለ።

"ማሽኑ እንዴት ነው?" አለ።

"ሸጥሁት።"

"ደግ አደረግሽ።"

በዙሪያቸው ሌሎች ሚስቶችና እናቶች በአጥሩ ላይ እየጮኹ ያወራሉ።

"ለምን አልነገርኸኝም?" አለች ያለምወርቅ። "ያን የሽማግሌ ዕለት ማታ፣ ወይ ከተጋባን በኋላ። አባቴን ይዤ እግርህ ላይ አስወድቀው ነበር።"

"ታምኚኝ ነበር?"

"አምንህ ነበር።"

"የኔታ እኮ ናቸው። ያገሩ ሰው እሳቸው ካሉት ሌላ አያምንም። አንቺም ልጃቸው ነሽ። ጸናጽል ሰረቀ ተብሎ የተባረረ ተማሪ ነኝ ብልሽ፣ የዚያን ዕለት ማታ አንዴ ቦርሳሽን አትመለከቺም ነበር?"

ያለምወርቅ አፏን ከፈተች። አይ፣ አልመለከትም ልትለው ነበር። እናቱ በሩን ከፍታለት ማሰሮዋን የቆጠረችበትን ልጅ አሰበችና ቃሉ አልወጣላትም። እሱ ደግሞ ፊቷን እያየ ነበር።

"ምግቡን ሳይቀዘቅዝ ብላው" አለችው።

ደወል ተደወለ። ጌቱ እቃውን አቅፎ ዞረ።

ባጃጁ ውስጥ አባቷ ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

"ምን አለሽ?" አሉ።

"ደህና ነው።"

"ስለኔ ምንም አላለም?"

"ይቅር ብሎሃል አባባ" አለች፣ ዓይናቸውን ሳታይ።

ሽማግሌው አማተቡ። ባለ ባጃጁ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ከተማው ቁልቁል ነዳ።